የበቅሎዋ የሸጊት ዜና ዕረፍት

ደባርቅ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሰልሰቢል
ኬንያ፣ ከተራራው ሥር

ጉዳዩ፦ የሞት ማስታወቂያ ስለ መስጠት

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። እግርሽን ከድንጋይ፣ ምላስሽን ከአሰልጣኝሽ ጋር ከመከራከር ይጠብቅልን።

ቀጥሎ የማሳውቅሽን ቆመሽ ከሆነ ተቀምጠሽ፣ ተቀምጠሽ ከሆነ ግድግዳ ተደግፈሽ አንብቢው። ለብዙ ክረምት ቤተሰባችንን በታማኝነት ያገለገለው ጥቁሩ ጃንጥላዬ ባለፈው ሐሙስ በቡይት ራስ ገደል አፋፍ ላይ በድንገተኛ ነፋስ ከእጄ ተነጥቆ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ነፋሱ መጀመሪያ ገለበጠው፤ ቀጥሎ እኔንም አብሮ ሊወስደኝ ሲል ወዳጅነታችንን አቋርጬ ለቀቅሁት። ወንድምሽ ፈሀድ በሆዱ ተኝቶ ወደ ታች ካየ በኋላ፣ «አጎቴ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ወስደውታል። አንዷ ከሥሩ ቁጭ ብላ ልጇን ታጠባለች» አለኝ። ይህ ሞት ይባል ወይስ ዝውውር፣ ዳባት ላይ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ብሆንም ገና አልወሰንኩም።

ኔትወርኩ ከጠፋ ወዲህ ደብዳቤ እንደገና ተሹሟል። ይህንን ሾፌሩ አለምነህ እስከ ሞያሌ ይዞት ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህና የኬንያ አውቶቡስ ያውቃሉ።

ሱቄ የሚመጣው ሁሉ ስለ አንቺ ይጠይቀኛል። «ልጅቱ ምን ልትማር ሄደች?» ይለኛል። «የተራራ አሰልጣኝነት» እላለሁ። «ምን ማለት ነው?» «ሰው ተራራ እንዲወጣ ማስተማር።» ከጊች ገብስ ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ ይህን ሰምተው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «እኛ መውረጃው ቸገረን እንጂ መውጣቱንማ ማን ከለከለን?» ብለው ጨዋቸውን ይዘው ሄዱ።

ፈሀድ ባለፈው በደብዳቤ ያስተማርሽውን የገመድ ቋጠሮ በሱቁ ምሰሶ፣ በጨው ጆንያ፣ ማክሰኞ ዕለት ደግሞ በአንድ ደንበኛ ላይ ተለማምዷል። ደንበኛው ከተፈታ በኋላ ሳሙናውን ሳይገዛ ሄዷል። ስትመለሺ ለምትከፍቱት የተራራ ትምህርት ቤት ምልክት የሚሆን ቆርቆሮ ቀለም ቀብቶ አዘጋጅቷል። አንቺ አሰልጣኝ፣ እሱ የጉዞ ኃላፊ፣ በቅሎዋ ሸጊት ግምጃ ቤት ናችሁ። ቱሪስቱ ከቀረ ጀምሮ ሸጊት የምትጭነው ስለሌላት ወፍራለች፤ ጠባይዋም የሹም ሆኗል። መንገድ ላይ ሰው ሰላም አትልም።

እናትሽ ዙሀራ፣ «ካልሲ ደርባ ታድርግ፤ ከሰው ፊት ፊት አትሂድ» ብላለች። «አሰልጣኝ ከሰው ፊት ካልሄደ ከየት ይሂድ?» ብላት፣ «ከመሀል» አለችኝ።

አጎትሽ ሸሀቡ

ግልባጭ፦
ለእናትሽ (ተነቦላታል)
ለሸጊት (ተነቦላት ፊቷን አዙራለች)


ናንዩኪ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ሸሀቡ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ከፀሐይም ከዝናብም፣ ያለ ጃንጥላም ቢሆን፣ ይጠብቅልኝ። በሟቹ እጅግ አዝኛለሁ። እዚህ ላሉት ባልደረቦቼ ነግሬአቸው ለአፍታ ዝም ብለን ቆመናል፤ አንዱ ግን ስቋል።

ስለ ትምህርቴ ጠይቀውኝ ነበር። በሃያ አራት ዓመቴ መራመድ ተምሬአለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ስለ እግር አረጋገጥ ነበር። አሰልጣኛችን፣ «ከመካከላችሁ ከዚህ በፊት ትልቅ ተራራ ያየ አለ?» ሲል እጄን አወጣሁ። «የት አየሽ?» አለኝ። «ከጓሯችን» አልኩት። ከዚያ በኋላ እኔን አይጠይቀኝም።

ሁለተኛው ትምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስለ መጸዳዳት ነበር። ከወንዝ ራቅ ብሎ ጉድጓድ መቆፈር፣ አፈሩን መመለስ፣ ሣሩን ማቃናት። ተራራው ሰው ያልረገጠው መስሎ እንዲቀር ነው። ፈተና አለው። አልፌአለሁ፤ ለእናቴ ግን የትኛውን ፈተና እንዳለፍኩ አይንገሯት።

ቦርሳችንን በጀርባችን ነው የምንሸከመው። ድንኳኑም፣ ምድጃውም፣ የሳምንት ምግቡም እዚያው ነው። «በቅሎ ለምን የለም?» ብዬ ብጠይቅ፣ «በራስ መተማመን እንዲገነባ» ተባልኩ። ይህን ለሸጊት ይንገሩልኝ።

ለፈሀድ የሚቀጥለው ቋጠሮ ይኸው። እዚህ በጥንቸል ነው የሚያስተምሩት፤ እኔ ለአገራችን እንዲስማማ በጭላዳ ቀይሬዋለሁ። ፈሀድ፣ መጀመሪያ በገመዱ ላይ ትንሽ ቀለበት ሥራ፤ እሱ ገደሉ ነው። ከቀለበቱ በላይ የቆመው ረጅሙ ገመድ የአስታ ዛፍ ነው። በእጅህ ያለው ጫፍ ጭላዳው ነው። ጭላዳው ከገደሉ ይወጣል፣ አስታውን ይዞራል፣ ወደ ገደሉ ይመለሳል። ከዚያ ሳበው። ይህ ቋጠሮ አይጠብቅም፣ አይላላም፤ ስትፈልግ ይፈታል፣ ሳትፈልግ አይፈታም። መሬት ላይ ተለማመድ። ገደል አጠገብ እንዳይሆን። ደንበኛም ላይ እንዳይሆን።

በሚቀጥለው ደብዳቤ በራሱ እጅ ይጻፍልኝ። የእርስዎ ጽሕፈት እንደ ማተሚያ ነው፤ እኔ ግን የእሱ የዶሮ ጭረት ናፍቆኛል።

ልጅዎ ሰልሰቢል


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ጭላዳን ወደ ገደሉ ስለ መመለስ

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ። ጤና፣ ሰላም፣ ሙቅ ብርድ ልብስ ይስጥሽ።

ቋጠሮው ደርሶ ከተማውን በጥብጧል። ፈሀድ ሦስት ቀን ከራሱ ጋር ሲነጋገር ከረመ፤ «ወጣ፣ ዞረ፣ ተመለሰ» እያለ ሲዞር እናትሽ ዱዓ ላስደርግለት ወይ አለችኝ። ሲገባው መጀመሪያ የሄደው ወደ ይግዛው ነው። ይግዛውን ታውቂዋለሽ፤ ከቡይት ራስ በላይ የሚያርሰውና ከፈሀድ ጋር በቅሎ የሚነዳው ሰውዬ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ በቅሎ ሳስር አባትህ አልተወለደም» አለው ይግዛው።

«ጋሼ ይግዛው፣ ያስራሉ፤ ግን ይፈታል።»

«በቅሎው ሲፈልግ ነዋ! በቅሎ ፈቃድ የለውም ያለህ ማነው?»

ተወራረዱ። ሸጊት በይግዛው አተሳሰር ታሰረች፤ ፈታችውና የጎረቤት ጎመን በላች። በፈሀድ ታሰረች፤ እስከ ማታ ቆማ ሁላችንንም በጥላቻ አየችን። ይግዛው ቆቡን አውልቆ ተሸነፍኩ አለ። አሁን ያንኑ ቋጠሮ ለሌሎቹ በቅሎ ነጂዎች እያስተማረ ነው፤ ከአያቱ የወረሰው መሆኑን ጨምሮ ይናገራል።

እናትሽ አንድ ነገር ጠይቃለች። ፈሀድ በኮንጎ ጫማ ነው ድንጋዩን የሚረግጠው። ቁጥር አርባ ሁለት፣ ተረከዝ የሚይዝ፣ የተለበሰም ቢሆን ጫማ እንድትልኪለት ትለምንሻለች። እሱ ደግሞ ሌላ ነገር አለው፤ በጠየቅሽው መሠረት በራሱ እጅ እንዲጽፍ ብዕሩን አስረክቤዋለሁ። ለሚያበላሸው ወረቀት ኃላፊነት አልወስድም።

*እህቴ ጭላዳው ተመልሷል። ቀጣዩን ላኪ። ጫማ አትላኪ ገመድ ላኪ። ሸጊት አኩርፋሻለች። ፈሀድ*

ከላይ ያለው ትክክለኛ ቅጂ መሆኑን አረጋግጣለሁ።

ሸሀቡ


ናንዩኪ፣ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ሸሀቡ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ እርስዎንም እናቴንም ቤቱንም በጤና ያቆይልኝ። የዶሮ ጭረቱን ከመኝታዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። ክፍል የምትጋራኝ ልጅ ካርታ መስሏት «የት ተራራ ነው?» አለችኝ።

ከዚህ ጋር ቀይ ገመድ ልኬአለሁ። ትምህርት ቤቱ ያረጀ ገመዱን ይጥላል፤ ይህን ለምኜ ወሰድኩት። ፈሀድ፣ በደንብ ስማኝ። ያረጀ ገመድ ነው። ለዕቃና ለበቅሎ ይሆናል፤ ለሰው አይሆንም። አጎቴ፣ ይህን ደጋግመው ያንብቡለት። ለሰው አይሆንም። ጫማውን በሚቀጥለው እልካለሁ፤ እናቴ አትዘን።

እኔ በዚህ ወር ሰው መምራት ጀምሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት ባልደረቦቼን ይዤ ስወጣ ጫፉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረን ጉም ወረደ፤ የመመለሻ ሰዓታችንም ደረሰ። መለስኳቸው። ድንኳን ገብቼ አለቀስኩ፤ እኛ አገር ሳይደርስ የተመለሰ እስኪያረጅ ይሾፍበታላ። አሰልጣኙ ግን ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠኝ። «ማውጣት ማንም ያወጣል፤ አሰልጣኝ ማለት የሚመልስ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ፈሀድ፣ ቀጣዩ ትምህርት ቋጠሮ አይደለም። ከመነሳትህ በፊት የምትመለስበትን ሰዓት ወስን። ሰዓቱ ሲደርስ የትም ብትሆን፣ ማንም ቢስቅብህ፣ ዙር።

የመጨረሻው ፈተና ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ መጥቼ ያን ቆርቆሮ እሰቅላለሁ።

ሰልሰቢል


ደባርቅ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የሞት ማስታወቂያ ስለ መስጠት

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ይጠብቅሽ። አላህ ይጠብቅሽ።

መልሱ የዘገየው በመንገድ ምክንያት ነው። መንገዱ ክፍት በነበረባቸው ቀናትም የዘገየው በመንገድ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ያለውን ተቀምጠሽ አንብቢ። የቤተሰባችን ባለውለታ የሆነችው ሸጊት መጋቢት 17 ቀን ከቡይት ራስ ወዲያ ባለው አፋፍ ላይ ጉም ወርዶ ሳለ ወድቃ ሞተች። ገና ልጅ ነበረች። ከሰው ተጣልታ አታውቅም። በሄደችበት ሁሉ ሳቋ ቀድሟት ይሰማ ነበር። ይግዛው ገደሉን ዞሮ እስከ ሥሩ ወርዶ በጀርባው ተሸክሞ አወጣት፤ ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም።

ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ፣ ከመስጊዱ ጀርባ አሳረፍናት። የጊችም የቡይት ራስም ሰው መጥቶ ነበር። ከበየዳ የመጡም ነበሩ። ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። እኛ ረመዳን፣ እነሱ ሁዳዴ፣ ሁለቱም ወገን ጾም ላይ ስለነበረ ድንኳኑ ውስጥ ውሃ እንኳ የቀመሰ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም በደረቀ አፉ አለቀሰ። ዒድም መጥቶ ሄደ።

ፈሀድ ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል። እጁ ላይ ሥራ ስለበዛበት አልጻፈም።

እናትሽ የጠየቀችው ጫማ ይቅር ብላለች። ገዝተሽም ከሆነ እዚያው ለሚሆነው ሰው ስጪው። ስልኩ ተመልሷል ሲሉ ብትሰሚ አትደውዪ፤ ድምፅ ጥርት አይልም። ፈተናሽን ሳትጨርሺ እንዳትመጪ። ይህ የቤተሰቡ ውሳኔ ነው።

ከአፋፍ ራቂ።

ሸሀቡ

ግልባጭ፦ ለማንም አልተሰጠም


ናንዩኪ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ሸሀቡ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ሶብር ይስጥዎት። ለእናቴም ሶብር ይስጣት።

በዚህ ወር የምንማረው የአደጋ ዘገባ አጻጻፍ ነው። አደጋ ሲደርስ አሰልጣኝ ማን፣ የት፣ እንዴት ብሎ ይጽፋል፤ የሌሎችንም ዘገባ አንብቦ የማይገጥመውን ያወጣል። የእርስዎን ማስታወቂያ እንደዚያ አነበብኩት።

አጎቴ፣ በደባርቅ በቅሎ አይታጠብም። በቅሎ ሲሞት ለአሞራ ይጣላል። በሕፃንነቴ መቃብር አጠገብ በመሳቄ ጆሮዬን የቆነጠጡኝ እርስዎ ነዎት፤ በነጭ ጨርቅ አይቀልዱም። ይግዛውም ጉልበተኛ ነው፤ ግን በቅሎ በጀርባው አይሸከምም። ሸጊት ደግሞ በሕይወቷ ስቃ አታውቅም።

ስልክ ደወልኩ። እናቴ አነሳችው። «እማ» ስላት ድምፄን ሰምታ ዘጋችው። ሁለተኛ ስደውል ተዘግቷል።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው ያንኳኳሉ፣ ሰው ከግራና ከቀኝ ይይዛል። እዚህ የሚያንኳኳልኝ ሽማግሌ የለም። በጠዋት በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ተነስቼ እቆማለሁ፤ የሚያንኳኩት ለሩጫ ሊቀሰቅሱን ነው።

መርዶ እንዲጽፉልኝ አልጠይቅዎትም። ጃንጥላው ሲሞት እንደ ወጉ አስታውቀውኛል፤ አሁንም እንደ ወጉ እርማት ይጻፉልኝ። ግልባጩ የሚሰጠው ሌላ ሰው ባይኖርም እኔ አነበዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ሳይደብቁ ይመልሱልኝ። ቋጠሮውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ገመዱን የላክሁት እኔ ነኝ። ለሰው አይሆንም ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ እሱ ደግሞ የጻፍኩትን ሁሉ ያደርጋል። ገመዱ ተበጥሶ ነው? ቋጠሮው ተፈትቶ ነው? ወይስ ሳይታሰር ነው? ይህን ሳላውቅ ለሌላ ሰው ገመድ ማሰር አልችልም።

ጫማውን ገዝቼ ነበር። ለማንም አልሰጠሁትም።

ሰልሰቢል


ደባርቅ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ልጄ።

አለምነህ ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ ፊቴን አይቶ ሞተሩን አጠፋ። ሱቁን ዘግቼ ለእናትሽ አነበብኩላት። «አውቃለች» አለች። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከመጋቢት ወዲህ ቀን ስትተኛ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ላንቺ መዋሸት ነበር የሚያደክማት።

መርዶ በወረቀት አልጽፍም። አባቴ አልጻፈም፣ እኔም አልጽፍም። ሽማግሌዎቹ ተመርጠዋል፤ ይግዛው «እኔ ከፊት ነኝ» ብሎ ተቆጥቷል። ስትመጪ እንደ ወጉ ይነገርሻል፣ እንደ ወጉም ታለቅሻለሽ፤ እኛም ያስቀረንልሽ እንባ አለን። እስከዚያ የጠየቅሽኝን ብቻ እመልሳለሁ።

ገመዱ አልተበጠሰም። ቋጠሮው አልተፈታም።

ይግዛው እንደነገረኝ፣ ሊያመጡት የነበረው እንጨት ሳይደርሱበት ጉም ወረደ። ፈሀድ «ጋሼ ይግዛው፣ የመመለሻው ሰዓት ደርሷል፤ እንዙር» አለ። ሌሎቹ በቅሎ ነጂዎች ሳቁበት። ዞረ። ተከትለውት ሲመለሱ ሸጊት ከመንገዱ ተንሸራትታ ከአፋፉ በታች ባለ ጠባብ እርከን ላይ ቆመች። ፈሀድ ወረደና ገመዱን በደረቷ አዙሮ አሠረ። «ወጣ፣ ዞረ፣ ተመለሰ» ሲል ከላይ ሰምተውታል። ይግዛው «አንተስ?» አለው። «እኔ በእግሬ እወጣለሁ፤ ገመዱ ለሰው አይሆንም ብላለች» አለ። ጎተቱ። ሸጊት ወጣች። ቋጠሮውም ገመዱም ችለዋል፤ ያልቻለው አፈሩ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ይግዛው ቆሞ ይነግርሻል።

አንቺ በጻፍሽው ቃል እንዳትታሰሪ። ገመዱ አንድ ነበር። ምንም ብትጽፊ፣ ምንም ባትጽፊ፣ ያን ገመድ ከሸጊት ፈትቶ በራሱ ወገብ ላይ የሚያስር ልጅ እናትሽ አልወለደችም። እኔ ሁለታችሁንም በጉልበቴ ላይ ያሳደግሁ ምስክር ነኝ፤ ፊርማዬ ከታች አለ።

ቋጠሮው ዛሬም እንደታሰረ ነው። ከሸጊት በአንገቷ አውልቀን ሱቁ ምሰሶ ላይ ሰቅለነዋል። ይግዛው ሊፈታው እጁን ሲዘረጋ እናትሽ፣ «እንዳትነካው፤ የእጁ ነው» አለችው። ይግዛው እጁን ኪሱ ከቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ሲመጣ ቆቡን ያወልቃል።

በታኅሣሥ በራሱ እጅ የጻፈልሽን መስመር ደግሞ ካስቀረሁት ግልባጭ ላይ መርምሬዋለሁ። ስህተት የለበትም፤ አልታረመም፤ «ቀጣዩን ላኪ» የሚለው እንዳለ ይጸናል። የሳቁበት በቅሎ ነጂዎች በየጠዋቱ ሱቄ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ «ሰልሰቢል መቼ ነው የምትመጣው?» ይሉኛል። ቆርቆሮውን ማንም አልነካውም። ፈተናሽን ግቢ። ሰው መመለስን ተምረሽ ነይ።

ጫማውን አምጪው። እናትሽ ልታየው ትፈልጋለች።

አጎትሽ ሸሀቡ

እርማት፦ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ በወጣው ማስታወቂያ ላይ «ሸጊት ሞተች፤ ፈሀድ ደህና ነው» ተብሎ የተገለጸው በጸሐፊው ስህተት ስሞቹ ተቀያይረው የተጻፉ በመሆኑ፣ ጸሐፊው ይቅርታ እየጠየቀ፣ ለጊዜው ግማሹ ብቻ እንደሚከተለው ታርሞ እንዲነበብ ያሳስባል። ሸጊት ደህና ናት።